ኢድሪስ እንዳይነካት ያልከኝ መኪና

አባዬ፣

ደህና ነህ ወይ ብዬ ብጀምር ደስ ባለኝ፤ መልስ እንደማይመጣ ግን አውቃለሁ። ከተለየኸን አሥር ወር ሞላ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ በሐዘን ብቻ አይደለም፣ በጥርጣሬም ነው። መጀመሪያ ሌላ ሰው ተጠራጠርኩ፤ ኋላ ደግሞ አንተን። ሁሉንም ከመነሻው ልንገርህ፤ ካስቀየምኩህ ቻለኝ።

ቤቱ ብዙም አልተለወጠም። እማዬ ክፍሉ ከበደኝ ብላ አልጋዋን ወደ በረንዳው አወጣች። የግቢያችን የኒም ዛፍ ቅርንጫፉ የመብራቱን ሽቦ እየነካ ስላስቸገረ ጎረቤቶች ቆረጡት፤ አሁን ሆሹ፣ ግቢው በሙሉ፣ ፀሐይ በፀሐይ ነው። እኔ አሁንም ሪያድ ሰፈር ያለው ክሊኒክ ውስጥ አስተረጉማለሁ። ከሰፈራችን ከጅሬፍ በባለ ሦስት እግሯ ሪክሻ ሄጄ በሪክሻ እመለሳለሁ። ነጯ መኪናህ ለረጅም ጊዜ ግድግዳው ጥግ፣ አንተ ባለበስካት ሸራ ስር ቆማ ነበር።

የቆመችበትን ዓርብ ታውቀዋለህ። እኔና እማዬ ኦምዱርማን ክርስትና ተጠርተን ሄደን ነበር፤ ድልድዩ ተዘግቶ ስለነበር ዞረን ስንመለስ መሽቶ ነበር። መኪናዋ ተሸፍናለች፤ አንተ በረንዳው ላይ ተቀምጠሃል። ምን ሆነች ስልህ፣ «ሞተሯ ሞቷል። ኢድሪስ ወርሻ ውስጥ ነካክቷት ነው። ከእንግዲህ እንዳይነካት» አልከኝ። 

«ዓሚ»፣ አጎቴ፣ እያልኩ ያደግኩት ኢድሪስ ነው ይህን ያደረገው? ባሕሪ በምትባለው ሰፈር ባለው የመኪና መጠገኛ ወርሻ ሃያ ሁለት ዓመት አብሮህ የሠራው፣ ትንሽ ሆኜ ትከሻው ላይ አድርጎ ገበያ የሚወስደኝ፣ ካንተ ሰምቶ «ቀስ በል» እና «በቃ» የሚሉ ሁለት የአማርኛ ቃላት የለመደው ሰው? ግን አንተ አልክ፤ እኔም አመንኩ። የነገርከኝን ሁሉ ሳላጣራ ነው ያደግኩት።

ከዚያ ታመምክ። ሶባ ሆስፒታል ተኝተህ ሳለ ኢድሪስ ሦስት ጊዜ መጣ። እንዳታስገቢው ስላልከኝ ሦስቱንም ጊዜ በሩ ላይ ቆሜ መለስኩት። አባቴ እንቅልፍ ላይ ነው አልኩት። አንተ ግን ነቅተህ ፊትህን ወደ ግድግዳው አዙረህ ነበር። በመጨረሻው ቀን የብርቱካን ከረጢት አቀብሎኝ ሲሄድ ዞር ብሎ እንኳን አላየኝም። ይኸው፣ ጥፋተኛ ባይሆን ቀና ብሎ ያየኝ ነበር አልኩ በልቤ።

አርባህ ካለፈ በኋላ ቤት መጣ። «አልበረካ ፊኩም» ብሎ እማዬን አጽናናት፤ ሻይ ጠጣ፤ ከዚያ መኪናዋን ልያት አለ። ባትሪዋ እንዳይሞት ነው አለ። አይሆንም አልኩት። በሌላ ሳምንት ተመልሶ አይጥ ሽቦዋን ይበላዋል አለ። በሦስተኛው ደግሞ እማዬን ለብቻዋ አግኝቶ፣ ሟቹ ያስመጣቸውን የሞተር ብረቶች፣ ካምሻፍቶቹን፣ ልግጠምላችሁ፣ ለነፍሱም ደስ ይለዋል አላት። ምክንያቱ በየጊዜው መለዋወጡ ጥርጣሬዬን አባሰው። የሚፈልገው ካምሻፍቶቹን ነው ብዬ ቆረጥኩ።

ከዱባይ በሰው እጅ ሲመጡልህ እንዴት እንደተደሰትክ አልረሳም። ራት ማዕድ ላይ አስቀመጥካቸውና፣ እነዚህ ቫልቮቹን ከድሮዎቹ ከፍ አድርገው፣ ረዘም ላለ ጊዜ ይከፍቷቸዋል፤ ሞተሯ እንደ ልቡ ይተነፍሳል አልከን። ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ ትምህርትህን ጥለህ ስትሰደድ የምታጠናው ይህንኑ እንደነበር የነገርከንም ያን ቀን ነው። እማዬ ዘይቱ የማዕድ ልብሷን ስላበላሸባት ተቆጣች። አንተ ሳቅክ።

አልጋህ ስር ያለውን ሳጥን ከፍቼ አየሁት። በዘይት ወረቀት የተጠቀለሉ ሁለት ብረቶች አሉ። ወረቀቱን ሳልፈታ ሳጥኑን ቁምሳጥኔ ውስጥ ቆለፍኩበት። ከዚያ ለኢድሪስ ደውዬ ግጠማቸው፣ ግን በእኔ ደንብ ነው አልኩት። ሥራው እዚሁ ግቢያችን ውስጥ፣ በቀን፣ እኔ ባለሁበት ይሠራል። አንድም ዕቃ ከበሩ አይወጣም። «ሐዲር፣ ያ ቢቲ»፣ እሺ ልጄ፣ አለኝ።

ዓርብ ከጸሎት በፊት መጣ። እኔ የጥፍር ቀለሜን ይዤ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩት። የሚፈታውን እያንዳንዱን ዕቃ፣ በሌላ እንዳይለውጥብኝ፣ በቀይ ነጥብ ምልክት አደርግበት ነበር። ስልኬንም መስኮቱ ላይ አቁሜ እቀርጸው ነበር። አየውና ሥራውን ቀጠለ። ብሎኖቹን ፈታ፤ የሞተሩን የላይኛ ክዳን ሊያነሳ ሲል ግን ቆመና ውኃ እንዳመጣለት ጠየቀኝ። እማዬን ጠርቼ አስመጣሁለት። ሻይ ቢኖር አለ። እሱንም እማዬ አመጣች። በጀርባው ከልሎኝ ክዳኑን በትንሹ አንስቶ ወደ ውስጥ አየና መልሶ አስቀመጠው።

«ዛሬ ይቅር» አለኝ። «ሌላ ቀን ብቻዬን መጥቼ እሠራታለሁ።»

«ለምን ብቻህን?»

መፍቻዎቹን መሰብሰብ ጀመረ። ተነስቼ ክዳኑን በራሴ እጅ አነሳሁት።

ውስጥ ሁለት አዲስ ካምሻፍቶች ተጋድመዋል፤ ያብረቀርቃሉ። ካምሻፍቶቹን ከላይ የሚይዟቸው ትንንሽ ክዳኖች ላይ በነጭ ቀለም ፊደል ተጽፏል። በአማርኛ። ወርሻው ወለል ላይ በጠመኔ ፊደል ያስቆጠርከኝ አንተ ነህና አጻጻፍህን አላጣውም፤ ግን ደግሞ ያንተ አይመስልም ነበር። መስመሩ ይሰበራል፤ ቀለሙ ፈስሷል። ተራውም ልክ አልነበረም፤ ከሀ ቀጥሎ መ፣ ከዚያ ሐ፣ ከዚያ ለ ይላል።

ሮጬ ገብቼ ሳጥኑን ከፍቼ ወረቀቱን ፈታሁት። የጠቆሩ፣ ያረጁ ካምሻፍቶች ነበሩ። የድሮዎቹ።

አሁንም አላመንኩም፣ አባዬ። እዚህ ድረስ ደርሼም ኢድሪስ ያንተን ጽሑፍ አስመስሎ ይሆናል አልኩ። የጥፍር ቀለሙን ብሩሽ ሰጠሁትና እዚያ ካለው ካርቶን ላይ፣ ክዳኑ ላይ ያለውን መ አይተህ ገልብጥ አልኩት። ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው እንደ ተማሪ ጎንበስ ብሎ ሞከረ። የሣለው ሁለት ጎማ ያለው ጋሪ ይመስል ነበር። ራሴን የናቅኩት ያኔ ነው።

ከዚያ ነገረኝ። እኛ ኦምዱርማን በሄድንበት ዓርብ ብቻህን ከጠዋት ጀምረህ ስትገጥማቸው ውለሃል። እጅህ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወራት አልፈውት ነበር፤ ወርሻ ውስጥ ከእሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ ጥቃቅኑን ሥራ እሱ ይሠራልህ ነበር። ያን ቀን ግን አልጠራኸውም። ካምሻፍቶቹን የሚያዞረው ሰንሰለት ሦስት ጥርስ አልፎ ተቀመጠ፤ ፊደል የጻፍክባቸው ትንንሽ ክዳኖችም ተለዋወጡ። ሞተሩን በእጅ አዙረህ ሳታረጋግጥ አስነሳኸው። አንድ ጊዜ ጮኸና ቆመ። ያኔ ደወልክለት። እሱም መጥቶ አየና፣ ወንድሜ፣ ከእንግዲህ እንዲህ ያለውን ለእኔ ተወው አለህ። አንተ ከግቢው አባረርከው። እያባረርከውም ለቤተሰብህ እንዳይናገር አስማልከው።

«ለምን ዝም አልክ?» አልኩት። «አባቴ ያበላሸኸው አንተ ነህ ብሎ ነግሮናል። ታውቅ ነበር?»

«ሆስፒታል ስትመልሺኝ ገባኝ።»

«እና ለምን አልነገርከኝም?»

«ለማን ልንገር? ለልጁ?»

ሥራው ሁለት ሳምንት ወሰደ። ቴስታታው፣ ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ ራስ፣ ወርዶ ሲታይ አራት ቫልቮች ታጥፈው ተገኙ። ባሕሪ ሄዶ እንዲያሳድሰው በራሴ እጅ ሰጠሁት፤ አልተከተልኩትም። መልሰን ስንገጥም ግን አጠገቡ ነበርኩ። አዲሶቹን ካምሻፍቶች ዘይት ቀብቶ አስተኛቸው። ክዳኖቹን በፊደላቸው ተራ እያነበብኩ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ብሎኖቹን ከመሃል ወደ ዳር፣ ትንሽ ትንሽ እያለ አጠበቃቸው፤ እኔ ስቸኩል በአማርኛ «ቀስ በል» ይለኛል፤ ሴት መሆኔን ሰዋስውህ አላስተማረውም። በስስ የመለኪያ ብረት የቫልቮቹን ክፍተት አንድ በአንድ ለካ። ከዚያ መፍቻውን ሰጠኝና ሞተሩን በእጄ ሁለት ሙሉ ዙር አዞርኩት። የትም አልያዘም። አንተ የዘለልካት ሥራ ይህች ብቻ ነበረች፣ አባዬ። ይህችን ብታደርግ ኖሮ ሞተሩ እንቢ ብሎ ይነግርህ ነበር።

ስትነሳ ድምጿ ሌላ ሆኗል። ቆማ ስትሠራ እንደ አዲሶቹ ካምሻፍቶች ጠባይ ታነክሳለች፤ ነዳጅ ሲሰጧት ደግሞ ድምጿ ይጠራል። እማዬ ከበረንዳው ወርዳ ኮፈኑ ላይ እጇን ጭና ቆየች።

እዚህ ላይ ደብዳቤዬን ብጨርስ ጥሩ ነበር። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ የነገርከኝን ሁሉ አንድ በአንድ እያነሳሁ እጠራጠራለሁ። ድንበሩን ስትሻገር ጓደኛህን ተሸክመህ አምስት ቀን ሄድክ ያልከኝ እውነት ነው? ትምህርትህን ያቋረጥከው ሊያስሩህ ስለሚፈልጉህ ነው ወይስ ወድቀህ? ብርቱካኑን ማን ላከው ብለህ ስትጠይቀኝ ማን እንደላከው ታውቅ ነበር? እማዬን ጠየቅኳት። ከመታመምህ በፊት ጀምሮ የሸሚዝህን ቁልፍ እሷ ትቆልፍልህ እንደነበር ያኔ ነገረችኝ፤ እሷንም አስምለሃታል። «ጓደኛውን መሸከሙ እውነት ነው» አለችኝ። «ሰውየው ራሱ ነው ለእኔ የነገረኝ። አባትሽ ስለ ጉብዝናው አይዋሽም። ሲደክመው ነው የሚዋሸው።»

ይህን መልስ ተቀበልኩት። አልፎ አልፎ አሁንም ይቆረቁረኛል።

የሆስፒታሉን በር ግን እንዴት እንደምሸከመው አላውቅም። ኢድሪስን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። «ኸላስ፣ አልፏል» አለኝ። ለእሱ ያልፍ ይሆናል። ሃያ ሁለት ዓመት አብሮህ የኖረ ሰው ሳይሰናበትህ የቀረው፣ አንተ ስላፈርክና እኔ ስለታዘዝኩ ነው። የኔን ድርሻ እኔ እይዛለሁ፤ ያንተን ግን ካንተ ላይ አላነሳልህም።

የሙት ዓመትህ ሁለት ወር ቀርቶታል። የሰፈራችን ኢትዮጵያውያን ሁሉ ይመጣሉ፤ ኢድሪስ አበላሽቶበት ነው ብለህ የነገርካቸውም ጭምር። እሱን ከእማዬ ቀጥሎ፣ ከቤተሰብ ጋር አስቀምጠዋለሁ። ከዚያ ተነስቼ ሞተሯን ያበላሸው አባቴ ነው፣ ያስነሳት ዓሚ ኢድሪስ ነው እላለሁ። ትቆጣለህ። ተቆጣ። ብትኖርና ብትቆጣኝ ምንኛ በወደድኩ።

አልረሳህም። ግን ሰው ሁሉ የሚያወራለትን ብርቱውን መካኒክ ብቻ አይደለም የማስታውሰው። ያን ዓርብ ግቢው ውስጥ ብቻህን፣ ብሎኑ ከጣትህ እያመለጠ፣ ማንም ሳያይህ ለመጨረስ የቸኮልከውን አንተንም አስታውሳለሁ። የሚንቀጠቀጠውን እጅህን በሕይወትህ አላሳየኸኝም። ከእንግዲህ ባሰብኩህ ቁጥር የምይዘው እሱን ነው።

ልጅህ ሰናይት