የጣልኳቸው የጃፓንኛ ፊደሎች

ሀስና፣

ዱባይ ተራ ሱቁ ዛሬ ዕቃ ስለሚገባ ሳልቀሰቅስሽ ወጣሁ። ውሃ መጥቶ ጀሪካኖቹን ሞልቻለሁ። ምስሩን አሙቀሽ ብዪ።

ግድግዳው ላይ የለጠፍሻቸውን የጃፓንኛ ፊደሎች ንፋስ አልወሰዳቸውም። እኔ ነኝ ያነሳኋቸው።
ጣልኳቸው።

"እነዚህን ጨርሰናል፤ በአንቺ አካሄድ እኮ እናረጃለን" አልኩሽ። ከዚያ ወዲህ አብረን የምንማርበትን መጽሐፍ አልነካሽውም። እኔም ሥራ በዝቶባት ነው እያልኩ ራሴን ስሸነግል ከረምኩ።

ትናንት አንቺ ሳትኖሪ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ። ማንበብ አቃተኝ። ለካ ያላወቅኩትን ሁሉ አንቺ ስታነቢ እየሰማሁ ነበር የማልፈው። አንድ ፊደል ደጋግመሽ ስትጽፊ እናደድ የነበረው፣ ቆም ካልኩ አለማወቄ እንዳይታወቅብኝ ፈርቼ ነው መሰለኝ።

ጠረጴዛው ላይ ወረቀትና ማርከር አለ። ራሴ ጽፌ ልለጥፍልሽ ሞክሬ ነበር፤ አጣመምኳቸው።

ማታ ስመለስ አብረን አንድ ፊደል ብቻ እንጻፍ፤ የትኛውን እንደሆነ አንቺ ምረጪ። እስኪበቃሽ ድረስ እዚያው ላይ እንቆያለን፤ አላጣድፍሽም።

እምቢ ካልሽም አይከፋኝም።
ማለቴ፣ ይከፋኛል፤ ግን ጥፋቱ የኔ ስለሆነ አልቆጣሽም።

አፉ በይኝ።

ሰዓደት