አትጠቢው የተባልኩት ጋቢ

ኅዳር 3፣ ሰኞ፣ ከጧቱ 12፡30

ጋቢው ደርቋል። ሰርቪስ ሳይመጣ ከበረንዳው አውርጄ፣ አጣጥፌ ፌስታል ውስጥ ከተትኩት። ሁለቴ በሳሙና፣ አንዴ በማለስለሻ። ክንዴ እስካሁን ይጠዘጥዘኛል። ግን ነጭ ሆኗል፣ ጥጥ!

ፍሬ ስትሰጠኝ፣ አደራ እንዳትጠቢው፣ እንዳለ መልሺልኝ ብላኝ ነበር። ሆሆ! ይህን ሰምቶ ከነእድፉ የሚመልስ ማን አለ? ለወጉ የሚባል ነገር ነው፣ እንዳልቸገር ብላ ነው። ቤቴ የመጣ እንግዳ "በልቻለሁ" ስላለኝ ትሪውን አነሳለሁ እንዴ?

እማዬ የሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን ተደርጋ ሆስፒታል የተኛች ጊዜ፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ስንቀጠቀጥ ፍሬ አይታኝ ነው። ብድግ ብላ ወጣች። ከሰዓት በኋላ ጋቢውን ይዛ ተመለሰች። እንዲህ ያለ ጓደኛ ከየት ይገኛል? ታዲያ የሷን ዕቃ እንደ መ/ቤታችን ትዕግሥት ልመልስ? ምሳ ዕቃዬን ወስዳ ሦስት ቀን ከከረመ ሽሮ ጋር ነው የሰጠችኝ። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

እማዬ የሰው ዕቃ ከወሰድሽው አምሮ ይመለስ፣ ባዶውንም አይመለስ ትላለች። ሁለት ኪሎ ብርቱካን ገዝቻለሁ፣ ቅዳሜ ስንገናኝ ከጋቢው ጋር እሰጣታለሁ። ሰርቪስ መጣ።

ኅዳር 5፣ ረቡዕ፣ ምሳ ሰዓት

ጉዴ ፈላ ደብተሬ።

ካርጎ ቢሮ፣ ዶክመንት ፊቴ ተቆልሏል፣ አንድ መስመር አላነብም። ፍሬ ደወለች፣ ከምትሠራበት ሆቴል፣ ከእንግዳ መቀበያው። ድምጿ ችኩል ችኩል ይላል። ጋቢው ያባቷ ነው። የአቦይ ሐጎስ። እሑድ ሳምንት ሙት ዓመታቸው ነው። እናቷ አደይ ለተብርሃን እሳቸው ከሞቱ ወዲህ ጋቢውን ውሃ አላስነኩትም። የባላቸው ጠረን አለበት። ፊታቸው ላይ ጣል ሳያደርጉት እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

ፍሬ ያን ቀን ሳታስፈቅድ ነው ያነሳችው። አደይ ዘመድ ጥየቃ አገር ቤት ሄደዋል፤ ጋቢው መንገድ ላይ እንዳይጠፋ ብለው ትተውት። ቅዳሜ ማታ ይገባሉ። ከዚያ በፊት አልጋው ላይ መገኘት አለበት።

ከዚያ ጠየቀችኝ። አልታጠበም አይደል?

አልታጠበም አልኳት።

እንዴት እንዲህ አልኩ? ከአፌ አመለጠኝ። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው፣ አጥቤዋለሁ ማለት። ተመስገን ብላ ስትተነፍስ ሰማኋት፣ ስልኩን ዘጋች። ምሳዬን አልበላሁም።

ኅዳር 6፣ ሐሙስ፣ 11 ሰዓት ተኩል

አሸተትኩት። ጥግ ጥጉን፣ መሐሉን፣ ስፌቱን። አበባ አበባ ይላል። የማለስለሻው ነው። ርጉም ማለስለሻ! ቅናሽ ነው ብዬ ያነሳሁት እኔው ነኝ።

አቦይ ሐጎስን አስታውሳቸዋለሁ። የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። ሲጋራ፣ ናፍጣ፣ የጢም መላጫ ሽቶ። ስንገባ "መጡ ደግሞ እነዚህ ወሬኞች" ብለው ከሶፋው ይነሱልን ነበር። ያው ጋቢ ትከሻቸው ላይ ነበር ማለት ነው። እንዴት አላወቅኩትም? ጋቢ ሁሉ ጋቢ ነው ብዬ!

የግቢያችን ዘበኛ ሲጋራ ያጨሳሉ። አንድ ሁለት ቀን ይልበሱልኝ ብዬ ልጠይቃቸው ወረድኩ። እውነቴን ነው፣ ደረጃው ግማሽ ድረስ ወርጃለሁ። ምን ነካኝ? አፍሬ ተመለስኩ።

እማዬ ሶፋው ላይ ሆና ምን ሆነሻል አለችኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኳት። ሁለተኛ ውሸት።

ኅዳር 8፣ ቅዳሜ፣ 6 ሰዓት

አሁን ከካፌ ወጣሁ። ቦሌ መንገድ ዳር አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው።

ፍሬ ገና ሳትቀመጥ ፌስታሉን ተቀብላ ፊቷን ከተተችው። ቀና አላለችም። ማኪያቶው መጣ፣ ቀና አላለችም። እኔ መቀባጠር ጀመርኩ። ለወጉ ያልሽ መስሎኝ፣ የሰው ዕቃ እንዴት ሳላጥብ፣ እማዬ እንዲህ ነው ያሳደገችኝ። በመጨረሻ ቀና ብላ፣ "ቤዛ፣ እኔ መቼ ነው ላንቺ ለወጉ ያወራሁት?" አለችኝ።

አሥራ አንድ ዓመት ጓደኛሞች ነን። አንድ ቀንም የለም።

እኔም ተናደድኩ፣ አልደብቅሽም። የማን እንደሆነ ለምን አልነገርሽኝም? ሳታስፈቅጂስ የእናትሽን ዕቃ ለምን ታውሺኛለሽ? ብዬ ጮህኩባት። ሰው ዞሮ አየን። ብነግርሽ አትለብሺውም ነበር፣ ከንፈርሽ በብርድ ጠቁሮ ነበር አለችኝ።

ከዚያ መላ ያለችውን አመጣች። ያባቷ የመላጫ ሽቶ ጠርሙስ ቤት አለ፣ ግማሽ። ትንሽ ጠብ ታደርግበታለች፣ አጣጥፋ አልጋው ላይ ትመልሰዋለች። አንቺ ብቻ ዝም በይ አለችኝ። እሺ አልኳት።

ብርቱካኑን ጠረጴዛው ላይ ትታው ሄደች።

ኅዳር 11፣ ማክሰኞ፣ ከጧቱ 1 ሰዓት

አጭር መልእክት ከፍሬ፦ አደይ ምንም አላሉም።

እፎይ! ሰርቪስ ውስጥ ብቻዬን ሳቅኩ። ብርቱካኑን ለቢሮ ይዣለሁ፣ ለትዕግሥትም እሰጣታለሁ። ይኸው አለፈ። ግን ደስታው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። የሰረቀ ሰው እንዲህ ይሆናል መሰለኝ።

ኅዳር 14፣ ዓርብ፣ 10 ሰዓት

አላለፈም።

ፍሬ ደወለች፣ እያለቀሰች። አደይ ከመጡ ጀምሮ ጋቢውን ያገላብጡታል። ወዲህ ያሸታሉ፣ ወዲያ ያሸታሉ፣ ያስቀምጡታል፣ እንደገና ያነሱታል። ዓይናቸው ደካማ ነው፣ ጋቢው ታጥቧል ብለው አልጠረጠሩም። ዛሬ ጧት ለልጃቸው ነገሯት። የሽቶውን አገኘዋለሁ፣ የሱን ግን አጣሁት፣ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ረሳሁት አሉ። አርባ ሁለት ዓመት አብሬው ኖሬ ጠረኑ ጠፋኝ፣ ምን ዓይነት ሴት ነኝ አሉ። ንስሐ አባታቸውን ሊያናግሩ ነው። እንደ ኃጢአት!

የኔን ሳሙና እሳቸው ሊናዘዙት።

እንንገራቸው አልኳት። ፍሬ ግን፣ በፍጹም። ሙት ዓመቱ ይለፍ፣ ተዝካሩን አታበላሺብኝ፣ የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ዓይኔን አያዩትም። ለመንኳት። ለመነችኝ። በመጨረሻ ድምጿ ጠበቀ። ብትናገሪ በኔና ባንቺ መካከል አለቀ አለች።

አለቀ። ይህንንም ለወጉ አላለችውም። አሁን አውቃታለሁ።

ኅዳር 15፣ ቅዳሜ፣ 3 ሰዓት

መገናኛ፣ የገርጂ ሚኒባስ ውስጥ። እስኪሞላ እጽፋለሁ።

ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። ፍሬን ማጣት አልችልም፣ ይህን እወቂልኝ። እማዬ ስትታመም ከወንድሞቼ ቀድማ የደረሰች እሷ ናት። ግን አንዲት እናት እኔ ባጠብኩት ጋቢ፣ ባሌን ረሳሁ እያለች ነገ ቤ/ክ ትቁም? አልችልም። ይህንንም አልችልም።

ለፍሬ መልእክት ላኩ። እየመጣሁ ነው፣ ልነግራቸው ነው፣ ያነሳሽው ለኔ ብለሽ እንደሆነም እነግራቸዋለሁ። አይታዋለች። አልመለሰችም።

ዛሬ እጄ ባዶ ነው። የሰው ቤት ባዶ እጅ ስሄድ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ፍራፍሬ ሻጩ ጋ ቆሜ ነበር፣ ተውኩት። ይዤ ብገባ ማባበያ ይሆንብኛል።

ሞላ። ተነሳን። እየነቀነቀኝ ነው፣ ጽሑፌን ቻይው።

የምላቸውን ደጋግሜ አጥንቻለሁ። ይቅርታ ከሚለው አልጀምርም። አደይ፣ እርስዎ አልረሷቸውም። ጠረናቸው ከጋቢው ነው የጠፋው፣ ከርስዎ አይደለም። ያጠብኩት እኔ ነኝ። ይህን መጀመሪያ ይስሙ፣ ከዚያ ቢያባርሩኝም፣ ቢረግሙኝም።

ስልኬ ጠራ። ፍሬ ናት። አላነሳም፣ ካነሳሁ እመለሳለሁ። አሁንም ትጠራለች። ቤታቸው ታየኝ፣ የነገው ተዝካር ድንኳን በር ላይ ተተክሏል። አደይ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደጅ ቆመዋል። ወራጅ አለ!