ሆሊስ የተቆጣት ቢጫ ጀልባ

ይድረስ ካናዳ፣ አልበርታ ለከረምከው ለባለቤቴ ወንድም ለሎርን፦ ብርዱ ሳይበረታብህ ሰላምታዬ ይቅደምህ። እኛ ከወንድምህ ጭቅጭቅ በቀር ደህና ነን።

ስለ ሸራ ጀልባ ውድድሩ ጠይቀኸኝ ነበር። ወንድምህ ሆሊስ ከጎረቤታችን ከመርቪን ጋር አንገት ለአንገት ተያይዞ ሲከንፍ ፊት ለፊቱ አንዲት ጀልባ ገጠመችውና "ቅድሚያው የኔ ነው፣ ዞር በል!" ብሎ ጮኸ። ደግሞ ጮኸ። የሸራውን ገመድ እንደያዝኩ "አንተ ሰው፣ መልህቅ ጥላ የቆመች ናት፤ ሰውም የለባትም" ስለው፣ "ታዲያ መሃል መንገድ ምን ይገትራታል?" አይለኝም መሰለህ። ለጥቂት ተረፍን። ጀልባዋ እኮ እዚሁ እኛ የጀልባ ማቆሚያ፣ ማሪናው ውስጥ የምታድር ናት፤ ያንን ደማቅ ቢጫ የቀባትም ሆሊስ ራሱ ነው።

መርቪን "ሆሊስ፣ ዳኞቹ ዘንድ አልከሰስካትም?" እያለ ሲያሾፍበት ዋለ። ወንድምህ ግን ዘንድሮ አዘጋጆቹ ውሃው ላይ የሚንሳፈፉትን የመታጠፊያ ምልክቶች አሳንሰዋቸዋል ብሎ ድርቅ አለ። ማሪናው ውስጥ የምንራመድበትን ሳንቃ ሁሉ ጠርዙን ነጭ አስቀባኝ። ለውበት ነው ይላል፣ ስለ ውበት መቼ ተጨንቆ እንደሚያውቅ እንጃ።

እሁድ በነበረው ውድድር ደግሞ ትከሻዬን አመመኝ ብሎ፣ ከተጋባን ጀምሮ አስነክቶኝ የማያውቀውን የጀልባችንን መሪ ሰጠኝ። አጠገቤ ተቀምጦ ጉንጩን ለነፋሱ ሰጥቶ "አሁን አዙሪ" ይለኛል። አንዴም አልሳተም። አሸነፍን። ትከሻው ግን ማታ እንጨት ሲፈልጥ ምንም አላለውም።

ለገና ስትመጣ፣ መኪና ይዤ ልቀበልህ ቢልህ፣ ታክሲ ተከራይቻለሁ በለው። እሷ ነገረችኝ እንዳትል።

በሰላም ያገናኘን።
የወንድምህ ሚስት ቨርና