አባዬ፣ ወደ ትምህርቴ ልመለስ

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የጌታችን ሰላም ከመላው ቤተሰብ ጋር ይድረስዎ። እንዴት ከርመዋል? ወገብዎን ተሻለዎት ወይስ ብርድ ሲሆን አሁንም ይነሣብዎታል? የእማዬስ ዓይን እንዴት ነው? ዝንጅብሉን ዘንድሮ በሽታው ማረው ወይስ እንዳምናው ከሥሩ አበሰበሰው? እኔና ወንድሜ እውነቱ ከናፍቆታችሁ በቀር አምላክ ይመስገን ደህና ነን። ስልኩ እንደልብ ስለማይሠራ፣ በስልክ የማይነገርም ነገር ስላለ፣ ይህን ደብዳቤ ወደ ሀደሮ ለሚመለሰው ለአገራችን ልጅ ለወንዳፍራሽ ሰጥቼዋለሁ። እህቴ ሚርያም ቀስ ብላ ታንብብልዎ።

አባዬ፣ "አገሩ ታውኳል፤ ትምህርቱም ይቅር፤ ሁለታችሁም ወደ ቤት ኑ" ብለው የላኩብን ደርሶናል። መልሱን ያዘገየሁት ቃልዎን ንቄ አይደለም። የሚሻለው የቱ እንደሆነ እኔም ሳላውቅ ሰንብቼ ነው።

ኅዳር ላይ ተማሪው አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ገበሬ መሬት ያሰፋል የተባለውን ማስተር ፕላን ተቃውሞ ሲነሣ ትምህርት ተቋረጠና ከፌኔት ጋር ወደ ዓለም ገና መጣን። ፌኔት የአከራያችን የኦቦ ገርባ ልጅ ናት፤ አንድ ዩኒቨርሲቲ ደርሶን ዶርማችንም አንድ ነው። እርስዎ ምህንድስና ሲባል ወዲያው ድልድይ የምሠራ ይመስልዎታል። የመጀመሪያው ዓመት ግን ገና መሠረት ነው፤ ሲቪል፣ መካኒካል ተብለን የምንለያየው ከዚያ በኋላ ነው። ሒሳብ አለ፣ ሎጂክ አለ፣ እንግሊዝኛ አለ። ስታቲክስ የሚሉት ደግሞ የቆመ ነገር ለምን እንደማይወድቅ የሚያስተምር ነው፤ ምሰሶውን ጣሪያው ምን ያህል እንደሚጫነው፣ መሬቱ እንዴት እንደሚደግፈው በቁጥር ይሰላል። እሱ ከብዶኛል። ፌኔት ግን ድሮዊንግ ላይ የሚደርስባት የለም፤ አንድን ዕቃ ከፊት፣ ከላይና ከጎን ስትስለው በእጅ የሚዳሰስ ይመስላል።

ቤት ስንደርስ የኦቦ ገርባ ማሳ ላይ ችካል ተተክሎ አገኘን። ጤፉ ገና አልታጨደም። ሰዎች በመኪና መጥተው ባለ ሦስት እግር መለኪያቸውን መሀል አቁመው ለክተው ሄዱ አሉን፤ ለማን፣ ለምን እንደሆነ የነገራቸው የለም። ፌኔት የስዕል መሣሪያዋን አልጋ ሥር ወረወረችው። "እኔ የምማረው ይህን ነው? ነገ የሰው አባት ማሳ ላይ ችካል ልተክል?" አለችኝ።

ታኅሣሥ ላይ መንገዱ በድንጋይ ተዘጋ፣ ጎማ ነደደ፣ ተኩስም ሰማን። እውነቱ የሚሠራበት ፋብሪካ ሥራ አቆመ። ከሰፈራችን ወጥተው ያልተመለሱ ልጆች አሉ፤ የእናቶቻቸውን ለቅሶ ሰምቻለሁና ዝርዝሩን አልጽፍልዎትም። አንድ ቀን ወጣቶች በራችን ላይ ቆመው ግቢው ውስጥ የሌላ አገር ሰው አለ ወይ ብለው ጠየቁ። ኦቦ ገርባ ወጡና በኦሮምኛ "እዚህ ያለው ሁሉ ልጄ ነው" አሏቸው። ወጣቶቹ አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ።

በዚህ ወር ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተብሎ በሬዲዮ ተነገረ። ችካሎቹ ግን እንደቆሙ ናቸው፤ ለመንቀል የደፈረ የለም። ዩኒቨርሲቲውም ተማሪ ይመለስ፣ የቀረ ዓመቱ ይቃጠልበታል ብሎ ጠራ። ፌኔት አልሄድም አለች። እኔም የእርስዎን መልእክት ምክንያት አድርጌ አብሬያት ልቀር ነበር፤ ሳልደብቅዎ፣ ስታቲክሱንም መሸሼ ነበር።

ኦቦ ገርባ ይህን ሲሰሙ ሁለታችንንም ማሳው ዳር ወስደው አስቀመጡን። "የለኩት ሰዎች ሲመጡ እዚያ ዛፍ ሥር ቆሜ ነበር" አሉ። "አካም ቡልተኒ፣ እንዴት አደሩ ያለኝ የለም። መለኪያው አልበደለኝም፤ የበደሉኝ እንደሌለሁ ቆጥረው ያለፉኝ ናቸው። አንቺ ብትቀሪ ነገም የሚመጡት እነሱው ናቸው።"

ፌኔት "እኔንስ አዝዘው ቢልኩኝ ምን ላደርግ ነው?" ብላ ተሟገተቻቸው።

ኦቦ ገርባም፣ "እሱን አላውቅም። ግን መጀመሪያ ባለማሳውን ሰላም በዪ፤ የመጣሽበትን ንገሪው። እምቢ ካለሽም እምቢታውን ሳትቀንሺ ለላኩሽ አድርሺ" አሏት። ፌኔት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። በማግስቱ ጠዋት የሒሳብ መጽሐፏን ይዛ ክፍላችን መጣች። አልሄድም ማለቷን አላነሣችውም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

አባዬ፣ እፈራለሁ፤ አልዋሽዎትም። ግን ኦቦ ገርባ መሬታቸው ይቅርላቸው ይወሰድ ሳያውቁ ልጃቸውን ሲልኩ አይቼ፣ እኔ ምን ብዬ እቀራለሁ? የምንሄደው ሰኞ ነው። ይህ ሲነበብልዎ አውቶቡስ ላይ ነኝ። ሳታስፈቅደኝ ሄደች ብለው እንዳይቀየሙኝ፤ ጸሎትዎም አይለየኝ።

እማዬን ጉልበቷን ስሜያለሁ በሉልኝ። ሚርያም አንባቢዬ፣ ውለታሽ አለብኝ። ታናሽ ወንድሜ ዮአብ ከትምህርት ቤት እንዳይቀር። ጎረቤታችንን ጋሽ ካሣዬንና የጸሎት ቤቱን ሰዎች ሁሉ ሰላም በሉልኝ። እውነቱ ፋብሪካው ስለተከፈተ ሥራ ገብቷል፤ እጅ ነሥቷል። አዴ ተረፈች፣ የፌኔት እናት፣ ለእማዬ ሰላምታ ልከዋል። ኦቦ ገርባም አይተውዎት ባያውቁም "ለአባትሽ ጻፊለት፤ ልጅህን ከልጄ ጋር መናኸሪያ ድረስ እኔው ራሴ እሸኛታለሁ" ብለዋል።

ልጅዎ ኤልሳቤት
ሰበታ፣ ዓለም ገና
ጥር 20 ቀን 2008 ዓ.ም.