ሁለት ደረጃ ዝቅ

ጥር 6
ልምምድ ዋልን። ምድር ቤቱ እርጥብ ምንጣፍ ምንጣፍ ይሸታል። ከዩኒቨርሲቲ በሙዚቃ ከተመረቅኩ አምስት ወር፣ ባንዱ ውስጥ ቤዝ ጊታር መጫወት ከጀመርኩ ሦስት ሳምንት። ድራመሩ "ምሩቁ" ነው የሚለኝ። "ምሩቁ፣ እስቲ ወንበር አቀብለኝ!" ይበል... ገና ያውቀኛል።

ጥር 9
አንድ ነገር አገኘሁ! የእትዬን፣ የዘፋኛችንን፣ የድሮ ካሴት ስሰማ ዋልኩ። እኛ የምንጫወትላቸው ድምፁን ከካሴቱ ሁለት ደረጃ ዝቅ አድርገን ነው። ሁሉንም ዘፈን! እንዴት አንድ ሰው እንኳ አላስተዋለም? ነገ እናገራለሁ።

ጥር 10
ተናገርኩ። እሳቸውም ባሉበት።
"እትዬ፣ በድሮው ካሴት እኮ ሁለት ደረጃ ከፍ ብለው ነው የዘፈኑት። ለምን በዋናው ከፍታ አንጫወትም?" ልዩነቱን በቤዙ አሳየሁ ጭምር። ኩራቴ!
ኪቦርድ የሚጫወተው አለቃችን ያልተፈታ ገመድ ይጠቀልል ጀመር።
"መቼ ነው ዝቅ ያደረጋችሁት?" አሉ እትዬ።
"ኧረ እትዬ፣ ልጅ ነው፣ ጆሮው..." አለ ድራመሩ።
"ጆሮውማ ደህና ነው። መቼ?"
"ያኔ... ጉንፋን ይዞዎት የነበረ ጊዜ" አለ አለቃ።
"እሱ ጉንፋን እኮ ስድስት ዓመቱ ነው!"
ቦርሳቸውን አነሡ። "እሁድ በዋናው እዘፍናለሁ።"
ድራመሩ በር ላይ ጠበቀኝ። "አንተ፣ ዩኒቨርሲቲ የሰው ፊት ማንበብ አያስተምሩም?"
ስድስት ዓመት ሸፍነውላቸው ኖረዋል። እኔ በአንድ ደቂቃ... ምን ነክቶኝ ነው?

ጥር 13
እሁድ እሁድ የምንሠራበት ሆቴል አዳራሽ ከቀትር ጀምሮ ሞልቷል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዘፈኖች ወጡት። አለቃ "ዝቅ እናድርግ?" ብሎ በዓይኑ ጠየቃቸው፤ እሳቸውም በዓይናቸው ከለከሉት። ሦስተኛው ላይ፣ ከፍ የሚለው ቦታ... ድምፃቸው ተሰነጠቀ። እንደገና ሞከሩ። እምቢ አለ። ከፊት ጠረጴዛ አንድ ሰውዬ ሳቀ።
እኔ መጫወቴን ቀጠልኩ። ቤዝ ካቆመ ሁሉም ይወድቃል ብለው ነው ያስተማሩን። ሰው ሲወድቅስ?
ማይኩን ቀስ አድርገው መቆሚያው ላይ መለሱና ወረዱ።

ጥር 14
መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ።

ጥር 20
ያለ እሳቸው ሠራን። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ "ወጣት ፈልጉ" ብሏል አሉ።

ጥር 22
ከልምምድ ቀጥታ ቤታቸው ሄድኩ። በሩን የከፈተችው ልጃቸው ናት። ጊታሩን ጀርባዬ ላይ ስታይ ወደ ውስጥ ተጣራች፦ "እማዬ፣ ጆሮው መጥቷል!"
የሸመደድኩት ይቅርታ ከአፌ ጠፋ። "እትዬ... ይስደቡኝ" አልኩ።
"በአንተ አልተናደድኩም" አሉ። ቀጥለው ደግሞ፣ "በአንተም ተናድጃለሁ። ድምፄ እንደ ድሮው ነው እያልኩ ለእህቶቼ ስጎርር የኖርኩ ሴትዮ! በል ተቀመጥ። አሁን የት እንዳለሁ ፈልግልኝ።"
ያለ ማጉያ፣ ቀስ እያልኩ መታሁ፤ እሳቸው ከፍ የሚለውን ቦታ ዘፈኑ። ሁለት ደረጃ ዝቅ ስል የአንገታቸው ሥር ተገተረ። ሦስትም አላረፋቸው። አራት ላይ ድምፃቸው ተደላድሎ ተቀመጠ... ወፍራም፣ ሙቅ።
"ስንት ነው ይሄ?"
ሁለት ብላቸውስ? ማን ያውቃል?
"አራት" አልኩ፣ ወለሉን እያየሁ።
"ለአለቃህ ንገረው። እነሱ ይፈሩኛል። የማታፍረው አንተ ነህ።"
የማታፍረው... እውነታቸውን ነው።

ጥር 27
"አራት" ብዬ ለአለቃ ነገርኩት፣ እሱም ሥራ አስኪያጁን ለምኖ አስፈቀደ። እትዬ ዛሬ ዘፈኑ። መጀመሪያ ማይኩን ይዘው ለሰዉ ተናገሩ፦ "ድምፄ አርጅቶ ወርዷል፣ እኔም ተከትዬው ወርጃለሁ። ያልተመቸው ይነሣ!" ሳቅ በሳቅ ሆነ። ማንም አልተነሣም። ከፍ የሚለው ቦታ ደረሰ። ወጡት። እንዴት አድርገው!
ሰዉ ሁሉ ቆሞ ሲያጨበጭብ እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። "ድምፄን ፈልጎ ያገኘልኝ ይሄ ልጅ ነው!"
ለእኔ አጨበጨቡ። ለእኔ!
"ምሩቁ፣ እጅ ንሣ እንጂ!" አለኝ ድራመሩ ከኋላ።
እጅ ነሣሁ። ቀና ማለት ግን አቃተኝ።