የኢዮብ አሽከር እንዳይሞት

አዳማ፣ እሑድ ጥቅምት ፱ ቀን ፲፱፻፳፫ ዓ.ም.

ጉሮሮዬ ደርቋል። ዛሬም የኢዮብን አሽከር ታሪክ ለጎረቤታችን ለእትዬ ወርቄ ሳነብ ዋልኩ። አባባ ከአዲስ አበባ በባቡር ያመጡት ልብ ወለድ ነው። አሽከሩን ኤላድን ደራሲው ከራሱ ፈጠረው እንጂ በመጽሐፍ ቅዱስ የለም። ይህን አብረው ለሚያዳምጡት ሽማግሌዎች ብናገር ማን ሰማኝ! አቶ ተሰማ «ጠባዩ የቡልጋ ሰው ይመስላል» ብለው ዘመድ ሊያደርጉት ምንም አልቀራቸውም። መሪጌታ ደግሞ ገና ኢዮብ ሳይቆስል ያንኮራፋሉ፤ ሲነቁ «ይህንማ ድሮ አውቀዋለሁ» ይላሉ።

እትዬ ወርቄ ለኤላድ ጧፍ መሳላቸውን እስክሰማ ድረስ በሳቅ ልሞት ነበር። ትንሹን ልጃቸውን ደስታን ወባ ከጣለው ሰነበተ። ኤላድ የጌታውን ቁስል ሲያጥብ ሳነብ ልጁን እንቅልፍ ወሰደው፤ ከዚያ ወዲህ «ልጄን የያዘልኝ ኤላድ ነው» ይላሉ።

ክፋቱ፣ በመጨረሻው ምዕራፍ ኤላድ ይሞታል። ዛሬ እዚያ ደረስኩ። እትዬ ወርቄ የልጁን ግንባር ይዘው «ከዚያስ፣ አንተ ልጅ?» አሉኝ።

ዓይኔን ከገጹ ሳልነቅል «ከዚያማ መድኃኒት ፍለጋ በግመል ወደ አዋሽ ወረደ» አልኩ።

አቶ ተሰማ «መንገዱን አውቀዋለሁ፣ በመተሐራ በኩል ነው!» አሉ።

ነገ ደግሞ ምን እንደምፈጥር እንጃ። ደክሞኛል። ስወጣ የደስታን እጅ ነካሁት፤ ያቃጥላል። በራችን ላይ ስደርስ ሳላስበው «ኤላድ፣ በል ፍጠን እንጂ» አልኩ።