የኅዳር ሚካኤልን ጽዋ በውኃ ያቆዩት ወይዘሮ ጌታነሽ ወዳጆ

ወይዘሮ ጌታነሽ ወዳጆ ከአባታቸው ከአቶ ወዳጆ ምንይሉ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ እስከዳር ዮሴፍ፣ በሰሜን ሸዋ በመንዝ ማማ ምድር፣ ከሞላሌ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኘው በአስታ ሜዳ ሚካኤል ደብር ሚያዝያ 23 ቀን 1944 ዓ.ም. ተወለዱ። የክርስትና ስማቸውም ወለተ ኢየሱስ ነው።

በዚያ ዘመን ሴት ልጅ ከየኔታ ዘንድ መላክ ያልተለመደ ስለነበር፣ ታላቅ ወንድማቸው ፊደል ሲቆጥሩ እሳቸው እንዝርታቸውን ይዘው ከአጥሩ ሥር እየተቀመጡ የበግ ፀጉር ሲፈትሉ ይሰሙ ነበር። ወንድማቸው ሲሳሳቱ ከአጥሩ ማዶ ያርሟቸው እንደነበር እኒሁ ወንድማቸው፣ የኔ አባት፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው በምሬት ያወሩ ነበር። ወይዘሮ ጌታነሽ በ1972 ዓ.ም. ከመሠረተ ትምህርት ያገኙትን የምስክር ወረቀት ከቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ጎን ሰቅለውት እስከ ዛሬ እዚያው አለ።

በ1960 ዓ.ም. ባና የሚባለውን የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ በመሥራት ከታወቁት ከአቶ ፍቅረ ሥላሴ ቃለአብ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሰርካለምን፣ ዮሴፍንና አመተሥላሴን ወለዱ። እሳቸው ሲፈትሉ፣ ባለቤታቸው ሲሸምኑ፣ ያ ቤት ሳቅ የሞላበት ቤት ነበር። አቶ ፍቅረ ሥላሴ ግን በ1975 ዓ.ም. ባደረባቸው አጭር ሕመም አረፉ። ወይዘሮ ጌታነሽም ሦስት ልጆች ይዘው ቀሩ።

ተከትሎ የመጣውን ድርቅ የመንዝ ሰው አይረሳውም። በ1977 ዓ.ም. የኅዳር ሚካኤል ማኅበር ተራ የደረሰው ከወይዘሮ ጌታነሽ ቤት ነበር። ማኅበርተኛው በየወሩ በ12 ከባለተራው ቤት ተሰብስቦ ዳቦ ይቆርሳል፣ ጠላ ይጠጣል፤ ጽዋውም ለሚቀጥለው ባለተራ ይተላለፋል። በዚያ ኅዳር ግን ከወይዘሮ ጌታነሽ ቤት የተረፈው ለበልግ ዘር የተቀመጠ ገብስ ብቻ ነበር። ልጆቹ የሚያድሩት ሞላሌ ከሚታደለው የእርዳታ ስንዴ በሚገኘው ነው። ገብሱ ለጠላ ቢጠመቅ የሚዘራ የለም፤ ካልተጠመቀ ደግሞ ማኅበሩ ሊታጠፍ ነው።

የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪው፣ ጎረቤታቸው አቶ አትናቴዎስ ነበሩ። ሽማግሌዎች ይዘው መጥተው፣ ባሏ የሞተባትን ሴት ማን ይወቅሳል፣ ደግ ዘመን እስኪመጣ ጽዋው ይረፍ ብለው መከሯቸው። ወይዘሮ ጌታነሽ ተቆጡ። ቁጡ እንደነበሩ አንደብቅም፤ አስመስለን ብናወራ እሳቸው ራሳቸው አይወዱልንም። ሚካኤል ጠላ ፍለጋ ነው እንዴ ቤቴ የሚመጣው ብለው ሽማግሌዎቹን በመጡበት መለሷቸው።

ኅዳር 12 ቀን ቤታቸውን ጠርገው፣ ጽዋውን ከምንጭ በቀዱት ውኃ ሞልተው፣ በዳቦው ፈንታ ቅቅል ጎመን አቀረቡ። ካህኑ ባርከው ቀመሱ። ማኅበርተኛው ውኃውን እየተቀባበለ ሲጠጣ አልቅሷል ይባላል። አቶ አትናቴዎስ ጽዋውን ተረክበው በታኅሣሥ እሳቸውም በውኃ አወጡት፤ ከዚያ በኋላ ማኅበሩ አንድም ወር ሳይታጠፍ እስከ አዝመራው ደረሰ።

የካቲት ላይ ዝናብ ጣለ። አቶ አትናቴዎስ ዘራቸውን ከልጆቻቸው ጋር በልተው ጨርሰው ስለነበር ወይዘሮ ጌታነሽ የነበራቸውን ገብስ እኩል ከፍለው ሰጧቸው። የእናት ጨካኝ፣ የልጆቿን ጉሮሮ ዘግታ ለባዕድ ትሰጣለች ብለው ያሟቸው ነበሩ። እሳቸው ግን የሰጠኝ እሱ ነው፣ እሱ ያውቃል ይሉ ነበር።

ግንቦት ላይ በረዶ ወረደ። የወይዘሮ ጌታነሽን ማሳ እንዳልነበረ አድርጎ ሲያልፍ፣ ተዳፋቱ ላይ ያለውን የአቶ አትናቴዎስን ማሳ አልነካም። ወይዘሮ ጌታነሽ በዚህ ጊዜ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆመው፣ ምነው ሚካኤል፣ ምን አደረግሁህ ብለው ሰው እስኪሰማ አለቀሱ። ለብዙ ሰንበትም ሚካኤልን አኩርፌዋለሁ እያሉ ከደጀ ሰላሙ ውጭ ቆመው ያስቀድሱ ነበር። ቅዳሴ ግን አልቀሩም፤ ማኩረፋቸውም እንደ ቤተ ዘመድ ኩርፊያ ነበር።

ሐምሌ ሲገባ አቶ አትናቴዎስ ገብሱን ከደረሰበት አጭደው፣ ወቅተው፣ ግማሹን በአህያ ጭነው ከወይዘሮ ጌታነሽ ደጅ አራገፉላቸው። የኔ ዘር ሳይሆን የሷ ዘር ነው የበቀለልኝ ብለው ልጆቻቸውን መከሩ። ወይዘሮ ጌታነሽም ሚካኤል ቤቱን ስቶ በጎረቤት ደጅ በኩል መጣ እያሉ ዕድሜያቸውን ሙሉ ይስቁ ነበር። ልጆቻቸው ከዚያ ወራት ወጥተው ለወግ ለማዕረግ የበቁት በዚያ ገብስ ነው።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ተራቸው በደረሰ ቁጥር፣ ጠላው ሞልቶ ቢተርፍ እንኳ፣ አስቀድመው የሚያዞሩት አንድ ጽዋ ውኃ ነበር። የጠገበ ልጅ ይወቀው ይሉ ነበር።

ወይዘሮ ጌታነሽ በመጨረሻዎቹ ዓመታት የልብ ሕመም አድሮባቸው በልጃቸው ልጅ በሲና አስታማሚነት ደብረ ብርሃን ሲታከሙ ቆይተዋል። መንገድ ተዘግቶ መድኃኒት ባላገኙባቸው ወራት ልጆቻቸው ሲጨነቁ፣ ያኔ ያሳደገን ዛሬ ሸመገለ እንዴ እያሉ እነሱን ያጽናኑ ነበር። በመጨረሻም ቁርባን ተቀብለው፣ ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ73 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም ዛሬ ኅዳር 11 ቀን በተወለዱበት ደብር ይፈጸማል። ሦስት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና እናት የሆኑለትን ጎረቤት ሁሉ ትተውልናል።

የዘንድሮው የኅዳር ሚካኤል ተራ የእሳቸው ነበር። ማኅበርተኛው ትናንት መጥቶ፣ ኀዘን ላይ ናችሁና ይለፋችሁ ብሎን ነበር። ታላቅ ልጃቸው ሰርካለም እንባዋን እየጠረገች፣ እናቴ ሳትሰማችሁ ቶሎ ተመለሱ አለቻቸው።

ስለዚህ ነገ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ጽዋው በእናታችን ቤት ይጠጣል። ውኃው ከምንጩ ተቀድቶ ተቀምጧል፤ ቀባሪ ሁሉ እንዳይቀርብን።

በስሙ የተሰጠችውን አንዲት ጽዋ ቀዝቃዛ ውኃ ዋጋ የማያስቀር አምላክ የወለተ ኢየሱስን ነፍስ ከወዳጆቹ ማዕድ ያስቀምጥልን። በክፉ ቀን ያልተለያቸው ቅዱስ ሚካኤል ዛሬም መንገዳቸውን ይምራ። አሜን።